ከጣሪያ የወረደው ታንኳ

የጋሼ ብርሃነመስቀል አስከሬን የተገኘው ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለው ወርክሾፓቸው፣ በተደፋ ታንኳ ሥር ነው። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። ታንኳው የተንጠለጠለባቸው ሁለት የጣሪያ ገመዶች ተበጥሰዋል። ፖሊሶቹ አደጋ ነው ብለው ነበር።

መርማሪ ሰርካዲስ ሁለት ፈረቃ አከታትላ ሠርታ ስለነበር ዓይኗን እንቅልፍ ከብዶታል። የታንኳውን ጠርዝ ይዛ ስታነሳው ግን ያለ ችግር ተነሳላት። ጋሼ ይህን ሙያ የተማሩት ካናዳ ሳሉ፣ ዌንዳኬ በምትባል መንደር ከሚኖሩ፣ የአገሬው ተወላጅ ከሆነው የዌንዳት ሕዝብ ሽማግሌ ነው። የበርች ዛፍ ቅርፊቱን ነጩን ወደ ውስጥ አድርገው በቀጭን የዛፍ ሥር ሰፍተውታል፤ ስፌቱንም ከስብና ከከሰል ጋር በተቀላቀለ ሙጫ ደፍነውታል። ሰርካዲስ ሙጫውን በጣቷ ተከተለችው። የትም አልተሰነጠቀም።

ወርክሾፑን አሸገችው። ቁልፍ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው።

«ያ ጀልባ ባሌን ከወሰደብኝ ቆይቷል» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ፅጌ። «ተሰባብሮ ከሆነ እሰየው።»

የወርክሾፑ አከራይ ነጋሽ ታክሲውን በር ላይ ፓርክ አድርጎ ጠበቃት። «ሳንታ ሞኒካ ላለ ሆቴል ሎቢ ሊሰጡት ነበር። ሶ፣ ተሰብሯል ማለት ነው?»

ተማሪያቸው እሌኒ ድምጿ በግድ ነበር የሚሰማው። «ከመጀመሪያው ስፌት ጀምሮ አብሬያቸው ነበርኩ። እንደ አባቴ ነበሩ።» ሌላ ነገር አልተናገረችም።

በማግስቱ ሰርካዲስ ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይሄን አንድ ሰው ይሸከመዋል፤ ሰው የሚገድል ክብደት የለውም። ወድቆ ቢሆን ደግሞ ሙጫው ይፈረካከስ ነበር። ገመዶቹም በቢላ ነው የተቆረጡት። ጋሼ ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ቀስ አድርጎ አውርዶ ደፍቶባቸዋል፤ ገመዶቹን የቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ማን?» አለ ነጋሽ።

ሰርካዲስ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «አደጋ ለማስመሰል መልቀቅ ይበቃው ነበር። ይሄ ሰው ግን ታንኳው አሳዘነው። እትዬ ፅጌ ቢሰበር ደስ ይላቸዋል። አንተ መሰበሩን ጠየቅኸኝ። እሌኒ፣ የእጅሽ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ አንቺ ብቻ አልጠየቅሽም። ደህና መሆኑን ታውቂ ነበር።»

እሌኒ አልካደችም።

«ጋሼ ታንኳውን ዌንዳኬ ወስደን ወንዝ ላይ ልናወርደው ለሽማግሌው ቃል ገብተው ነበር። ከዚያ የሆቴል ጌጥ ይሁን አሉ። ገፋኋቸው፤ የጠረጴዛው ጥግ መታቸው። ልገድላቸው አላሰብኩም።» ወደ ታንኳው ዞረች። «ግን ያወረድኩት ከሞቱ በኋላ አይደለም። ሳወርደው ይተነፍሱ ነበር።»

እትዬ ፅጌ ግድግዳውን ተደገፉ። ሰርካዲስ ይህን አልጠበቀችም። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና «ከሞቱ በኋላ» የሚለውን ሰረዘች።