ከሚስማሩ ያልወረደው ጓንት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ እጅጌ እየጠቀመች ሳለ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ሞቷል። ከአዘዋዋሪዎች የተነጠቁ የዱር እንስሳት በሚጠለሉበት ማቆያ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው፣ ራሱ አያ ዝግታ ብሎ ስም ባወጣለት እንስሳ ተነክሶ ሞተ አሏት።

አያ ዝግታ ሎሪስ የሚባል፣ ከድመት ያነሰ የጦጣ ዘመድ ነው። ዓይኑ ፊቱን የሞላ፣ አንድ እርምጃ ለመራመድ እንኳ ከራሱ ጋር የሚማከር የሚመስል። ጡት ከሚያጠቡ እንስሳት መካከል መርዝ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ የእሱ ወገን አንዱ ነው። ከክርኑ አጠገብ የሚወጣውን ፈሳሽ ይልስና ከምራቁ ጋር አዋህዶ ይነክሳል።

ስትደርስ አባቷ በእንስሳው ክፍል ወለል ላይ እንደተኛ ነበር። ከፖሊስ የመጣች መርማሪ ተንበርክካ ቀኝ እጁን ትመለከታለች። ጸጉሯ የሸበተ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት የምትጠነቀቅ ያህል ዝቅ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ከአውራ ጣቱ ሥር ሁለት ደረቅ ቀዳዳዎች አሉ። እጁ ግን እንደ ወትሮው ቀጭን ነው።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ። ልብስ ሰፊዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ የምትለው የአባቷ ጓደኛ ነው። «ጥርሱን ተክሎበት ነበር። በዚህ እጄ ነው ጎትቼ ያላቀቅኩት።»

«ጓንት አድርገው?»

«ሰው እየሞተ ጓንት ይፈለጋል?»

«ደፋር ነዎት።»

«ወንድሜ ነበር» አለና ልጅቷን አቅፎ አለቀሰ።

የማቆያው የእንስሳት ሐኪም መሬት መሬት እያየ ውሳኔውን ነገራቸው። እንስሳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመርፌ ይገደላል። ሪፖርቱም ተጽፏል፤ ሠራተኛው ያለ ጓንት በመግባቱ በራሱ ጥፋት ሞተ ይላል።

ልብስ ሰፊዋ ወፍራሙን የቆዳ ጓንት በር አጠገብ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አየችው። «አባቴ ያለ ጓንት ጥንቸል እንኳ አይነካም» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ለፍቶ፣ ግዴለሽ ተብሎ አይቀበርም።»

መርማሪዋ ከመደርደሪያው ላይ ሹካ አነሳች። «ይሄ የማን ነው፣ ልጄ?»

«የሱ። ለሌሎቹ ሙዝ እንዳለ ነው የሚሰጣቸው። ለአያ ዝግታ ግን፣ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይደቁስለታል። ‹ለእኔ እንኳ እንዲህ አድርገህ አታውቅ› ስለው፣ ‹አንቺማ ጥርስሽ ገና በቅሎ ሳያልቅ ትናከሺ ነበር› ይለኛል።»

«ሙዙን ማን ያመጣል?»

«እኔ» አለ ጋሼ። «በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የዚህ ዘመድ ነክሶኝ ክንዴ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ የገባሁት ዛሬ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ስንት ቁልፍ አለው?»

«ሁለት። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ግምጃ ቤት።»

«የጎደለ መድኃኒት አለ?»

ሐኪሙ ከንፈሩን ላሰ። የራሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተ። ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ፣ ገዳዩ ይሄ ነው፣ አለች በሆዷ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሐኪሙ መርፌ ተሞልቶ ትሪው ላይ ተጋድሟል። መርማሪዋ እንስሳውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ባዶ ጣቷን ወደ አፉ ሰደደች።

«ኧረ እጅሽን!» ብሎ ጋሼ እስከ ግድግዳው አፈገፈገ። ሐኪሙ አልተነቃነቀም።

አያ ዝግታ ጣቷን እንደ ጡጦ ጠባው። አውጥታ አሳየቻቸው፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

«አዘዋዋሪዎቹ ጥርሱን በፒንሳ ቆርጠውታል። አንድ የቀረው የለም» አለች። «ሙዝ የሚደቆስለት ለዚህ ነው። ሐኪሙ ድዱን ስላከመ ያውቃል፤ ስለዚህ አልደነገጠም። የማያውቀው በር ላይ ሙዝ አስቀምጦ የሚመለስ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ታዲያ የትኛውን ጥርስ ነው ያላቀቁት?»

ጋሼ ጎትቼበታለሁ ያለውን እጅ ከኋላው ደበቀ።

«ሎሪስ የነከሰው እንደሚያብጥ ራስዎ ነገሩኝ፤ ይሄ እጅ ግን አላበጠም። ቀዳዳዎቹም አልደሙም፤ የሞተ ሰው አይደማም። እውነተኛውን የመርፌ ቀዳዳ ከኮሌታው ሥር፣ አንገቱ ላይ አገኘሁት። ሐኪም፣ አሁን ይናገሩ።»

«ትልልቅ እንስሳት የሚገደሉበት መድኃኒት አንድ ጠርሙስ ጠፍቷል» አለ ሐኪሙ። «እኔን ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሎሪሶች ሞቱ ተባለ። ሟቹ ደግሞ ሬሳቸውን ካላየሁ እያለ ጋሼን ይጠይቅ ነበር።»

«ሬሳ የለማ። መልሰው ለአዘዋዋሪ ሸጠዋቸዋል» አለች መርማሪዋ።

«ሦስት ቀን ስጠኝ፣ አስመልሳቸዋለሁ ብዬው ነበር» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን እንኳ አልሰጠኝም።»

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ያቀፋትን ክንድ አየች። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «አንተስ? እያወቅክ ጥርስ በሌለው አፍ ልታሳብብ?» አለችው። ሐኪሙ መርፌውን ከትሪው አንስቶ መታጠቢያው ውስጥ ደፋው።

«ጓንቱስ?» አለች፣ መርማሪዋን።

«ከዚህ ሁሉ እንስሳ ያለ ጓንት የሚነካው አንዱን ብቻ ነበር፤ የማይነክሰውን። አባትሽ ሥራውን ያውቅ ነበር፣ ልጄ።»

ሪፖርቱ በማግስቱ እንደገና ተጻፈ። አያ ዝግታ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ፤ ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች በአባቷ ሹካ ሙዝ ትደቁስለት ነበር።