ለሁሉም ክፍት የሆነው ደጋሚ

ጆሯችሁን ለእኔ፣ አፋችሁን ለራሳችሁ። ያን ፋኖስ ዝቅ አድርጉት። አንቺ ሰናይት፣ በሩ አጠገብ ምን ትሠሪያለሽ? ጠጋ በይ፣ ኋላ አልነገሩኝም እንዳትይ።

ሰዓቱ ወደ ማታ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ግን ገና አልጠለቀችም። መንገዱ ወደ ገደል የሚወርድ ቀጭን መንገድ ነው፤ አንዲት በቅሎ ስታልፍ ሌላዋ ቆማ የምትጠብቅበት። ከታች ወንዝ አለ። ከወንዙ ወዲህ አንድ መንደር፣ ከወንዙ ወዲያ አንድ መንደር። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ እዚህ መሃል ዘመድ ያለው አይጠፋም።

በወዲህኛው መንደር ዘለቀ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ አስካለ ሞታበታለች። የቀረው ልጁ አበጀ ነው። ስንት ልጅ አለው? አንድ! አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ? ዘለቀም እንደዚያ ነበር፣ ልጁ ካስነጠሰ እሱ አይተኛም። ያን ቅዳሜ ታዲያ አበጀ ሙሽራ ነው። ሙሽሪትን ከወዲያኛው መንደር ይዞ፣ ከሚዜዎቹ ጋር በዚያ መንገድ ሊመለስ ነው።

በዚያው ቀን ደግሞ መንደሩ ሌላም ጉድ ነበረው። አስር አለቃ ተሰማ የሚባል ጡረተኛ ነበር፣ በጦር ሜዳ ሬዲዮ ሲያናግር የኖረ። ያን ጊዜ ስልክ የሚባል ነገር በአገሩ የለም። ተሰማ ከጓደኞቹ ጋር የሬዲዮ ክበብ አቋቋመ፣ የእጅ ሬዲዮም አመጡ። ቁልፉን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ለቀህ ትሰማለህ። ግን ገደሉ ድምፁን ይውጠዋል፣ ወዲያ ማዶ አይደርስም። ስሙ ተሰማ፣ ድምፁ የማይሰማ! ይሄ ነገር አንገበገበው። ስለዚህ ተራራው አናት ላይ አንድ ማሽን ተከሉ፤ ከወዲህ ድምፅ ተቀብሎ ወደዚያ ደግሞ የሚልክ። ይሄ ክፋት አለው? የለውም! ጥፋቱ ስሙ ላይ ነው። ተሰማ ገበያ መሃል ቆሞ እንዲህ ብሎ ለፈፈ፦

«ቅዳሜ ተራራው ላይ ደጋሚ እንከፍታለን! ለሁሉም ክፍት ነው! ማንም ድምፁን ይላክ፣ ይደግምለታል!»

ደጋሚ! በስመ አብ! ገበያተኛው የሚያውቀው ደጋሚ ሌላ ነው። ጨለማ ቤት ተቀምጦ የሚደግም፣ መናፍስት የሚጠራ፣ ሰው የሚያሳብድ ነው።

«ድግምት በአዋጅ!» አለች አንዷ ቅቤ ሻጭ። «ድምፄን ከወሰደ ነፍሴን መች ይተዋል?»

«እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው!» አለ ተሰማ።

«ማሽን ከሆነ ማን ድገም አለው?»

ተሰማ ልፈፋውን ቀጠለ። ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ ሲጮህም ማን ማን እንደሰማው አላሰበም።

ዘለቀ ግን የተሰማ ወዳጅ ነው፣ ማሽን መሆኑን አምኖለታል። ለሠርጉ ሁለት ሬዲዮ ተዋሰ። አንዱን ራሱ ያዘ፣ ሌላውን ለልጁ አንደኛ ሚዜ ለላቀው ሰጠው። «ስትነሱ ንገረኝ» አለው። ላቀው እሺ አለ። ወዲያ ማዶ ሲደርስ ግን የሙሽሪት አክስት ሬዲዮውን አይታ ጮኸች። በሻሽ ጠቀለለችው፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ጨመረችበት። «ይሄ ደጋሚ የሰው ድምፅ ያስመስላል። በስማችሁ ቢጠራችሁ አቤት እንዳትሉ! አቤት ያለ የሱ ነው!» አለች። ላቀው አሁንም እሺ አለ። ላቀው ለሁሉም እሺ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ጠዋት ዘለቀ ሬዲዮውን ሲከፍት ሽሽሽ ይላል። በዚያ ሽሽሽ ውስጥ የሆነ ሰው ይተነፍሳል። «ተሰማ፣ አንተ ነህ?» አለ። ተሰማ ከተራራው «እኔ ዝም ብያለሁ፣ ነፋስ ነው» አለው። እሺ፣ ነፋስ ነው። ቀትር ላይ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የሴት ጉሮሮ ነው። ነፋስ ጉሮሮ አለው እንዴ? ተሰማ «ሽቦ ላልቶ ይሆናል» አለ። እሺ፣ ሽቦ ነው። ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ እህል እንደምትፈጭ ሴት ታንጎራጉር ጀመረች። ሽቦ ያንጎራጉራል? ንገሩኛ! ክበቡ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት የለችም። ዘለቀ ፀጉሩ ቆመ። ግን ሬዲዮውን አላጠፋውም፣ ዜማውን የሚያውቀው መሰለው።

ወደ ማታ ተሰማ ከተራራው ጮኸ። «ዘለቀ! ላይኛው ደጋ ዘንቧል! ደራሽ እየመጣ ነው!»

ደራሽ ታውቃላችሁ? እናንተ ጋ ጠብ ሳይል የሌላ አገር ዝናብ መጥቶ ይወስዳችኋል። ዘለቀ ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠ። ቁልቁል ቢያይ ሠርገኞቹ ወንዙ ውስጥ ገብተዋል! አበጀ ከፊት፣ ሙሽሪት በበቅሎ፣ ሚዜዎቹ ከበሮ እየደለቁ። ከዚያ ላይ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ሬዲዮውን አፉ ላይ ለጠፈው።

«ላቀው! አበጀ! ውጡ፣ ደራሽ መጣ! ይሰማል?»

ድምፁ ከሻሹ ውስጥ ወጣ። ከበሮው ቆመ።

«የአባዬ ድምፅ ነው!» አለ አበጀ።

«ዝም በል! አስመስሎ ነው፣ አቤት እንዳትል!» አለ ላቀው።

ሁሉም ደንዝዘው ውሃው መሃል ቆሙ። ጉድ እኮ ነው! ወደፊት ቢሄዱ እንኳ ይሻል ነበር፤ እነሱ ግን ቆመው ያማትባሉ። «ልጄ፣ እኔ ልሙትልህ፣ ውጣ!» ይላል ዘለቀ እያለቀሰ። እነሱ የባሰ ያማትባሉ። ከላይ በኩል የድንጋይ ጉምጉምታ መጣ።

የዚያን ጊዜ፣ ማንም ቁልፍ ሳይነካ፣ ሬዲዮው ውስጥ አንዲት ሴት ተቆጣች።

«አንተ ጭራሮ! እግርህ ከውሃ ይውጣ አላልኩህም?»

አበጀ ከልጅነቱ ቀጭን ነው። ጭራሮ ብላ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች፣ እሷም አፈር ከገባች ሁለት ዓመቷ። ታዲያ አበጀ ምን አደረገ? ድግምት አላለ፣ አክስት አላለ።

«አቤት እማዬ!» ብሎ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ወደመጣበት ዳር ዘለለ። ሚዜዎቹ ተከትለውት ተንጋጉ። የመጨረሻው ሰው እግሩን እንዳወጣ ደራሹ ደረሰ። ግንድ ተሸክሞ፣ ቋጥኝ እያንከባለለ፣ ቆመው የነበሩበትን ጠራርጎት ሄደ። ዘለቀ አፋፉ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ደራሽ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይጎድላል። ውሃው ሲጎድል ተሻገሩ። ያን ዕለት የነበረ ሠርግ! ሙሽሪትን አጅባ የመጣችው አክስትየዋ ራሷ ሬዲዮውን ከሻሹ ፈትታ «ሃሎ ደጋሚ፣ እንደምን አመሸህ?» ትላለች። ቅቤ ሻጯ ተራ ይዛ ትቁነጠነጣለች። ቄሱ ሳይቀሩ «እንዲህ ያለውስ ይደገም» አሉ። ላቀው እሺ አለ።

ዘለቀ ግን ሆዱ ባባ። ሬዲዮውን ይዞ ከዳሱ ወጣ፣ ለብቻው፣ ወደ ተራራው በሚወስደው ጭር ያለ መንገድ።

«አስካለ፣ ይሰማል?»

ሽሽሽ አለ። ከዚያ «ይሰማል» አለችው።

ደነገጠ? ኧረ አልደነገጠም! ሰው ከሚስቱ ይደነግጣል? አንተ ምን ያስቅሃል፣ አግባና ታየዋለህ።

«ልጃችንን አተረፍሽልኝ» አላት።

«ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል ሰምቼ መጣሁ» አለችው። «ወጡን ማን ሠራው?»

«እህትሽ።»

«ጨው አበዛች አይደል?»

«ኧረ ተይኝ! ጠላ ባይኖር አልቀን ነበር!»

ሳቁ። ዘለቀ እሷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። እየሳቀ ይሄዳል፣ ከኋላው ኮሽ፣ ኮሽ ይላል። ጠጠሩ ላይ ኮቴ አለ። ዘለቀ ልቡ በደስታ ሞላ።

«ከኋላዬ ነሽ አይደል? ስትመጪ ኮቴሽ ይሰማኛል። ዞር ብዬ ልይሽ?»

ኮቴው ቀረበ። ኮሽ። ኮሽ።

«ዘለቀ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እኔ ከሞትኩ ወዲህ ኮቴ የለኝም።»

«ታዲያ ይሄ ማነው?»

«ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል የሰማሁት እኔ ብቻ መሰልኩህ? ማን ለብቻህ ውጣ አለህ? ሩጥ!»