የቀለሜ ቢራቢሮ

«በቲነር እንቢ ካለ በዚህኛው ይለቃል» አለች ቀለሜ ለራሷ፤ ከመደርደሪያው ሥር ያለችውን ትንሽ ቆርቆሮ ጎትታ አወጣች።

ቆርቆሮዋ ውስጥ ያለው አባቷ ከብረት በር ላይ አሮጌ ቀለም የሚያነሳበት ፈሳሽ ነው። ስንት ዓመት የቆየ፣ ድንጋይ የሆነ ቀለም እንኳ ይህ ነገር ሲነካው ተኮማትሮ ይነሳል፤ ከዚያ በስፓቱላ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። ቀለሜ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታይ ኖራለች። አባቷ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነው፤ እሷም ያደገችው በቀለም ጣሳዎች መሃል ነው። ትምህርት ቤት «ቀለሜ» የሚሏት ደብተር ላይ ተደፍታ ስለምትውል እንዳይመስላችሁ። ዩኒፎርሟ ላይ የቀለም ጠብታ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። የፈተና ውጤቷንማ ባናነሳው ይሻላል።

የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች። ከቀኝ እጇ አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ ነገርየው ተቀምጧል። ሲጀመር ቢራቢሮ ነበር። ቢያንስ ሐሳቡ ቢራቢሮ ነበር። አንዱ ክንፍ ሰፍቶ፣ ሌላው ጠቦ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ቀለሙ ተዝረክርኮ ሲደርቅ ግን የክፍሏ ልጆች አንዴ አይተው «ዝንብ!» አሉት። ከዚያ ወዲህ በአጠገባቸው ስታልፍ «እሽ! እሽ!» እያሉ በእጃቸው ያባርራሉ። በዚህ ሰው በሚያቀልጥ ሙቀት ሹራብ ለብሳ የምትውለው ለዚህ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ አባቷ ይዟት ሥራ ሊወጣ ቃል ገብቶላታል፤ ሹራብ ለብሳ መሰላል ላይ ልትወጣ ነው? እናቷም አራስ እህቷን ልትረዳ እንደሄደች አትቀርም። እሷ ከመመለሷ በፊት ይህ ዝንብ መጥፋት አለበት።

ጥጡን ነከረችና ክንዷ ላይ ጫነችው።

መጀመሪያ ቀዘቀዛት። ‹ይሄው፣ ምንም አይልም› ብላ ሳትጨርስ እሳት ሆነባት።

«ውይ! ውይ፣ ውይ፣ ውይ!»

ደጅ ሰሌዳ ሲያደርቅ የነበረው አባቷ እየሮጠ ገባ። ሽታው ሁሉንም ነገረው። እጇን አፈፍ አድርጎ ወደ ቧንቧው ጎተታትና ውሃውን እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

«አባዬ፣ ያቃጥላል!»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ። ይፍሰስበት። እጅሽን አታንሺ አልኩሽ!»

ቀለሜ የአባቷን እጅ አየች፤ እየተንቀጠቀጠ ነው። ይህ እጅ ፎቅ የሚያህል መሰላል ጫፍ ላይ ሆኖ ፊደል ሲጽፍ እንኳ ቅንጣት አይነቃነቅም። አሁን ግን የሷን ክንድ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ከቃጠሎው ይልቅ እሱ አስፈራት።

ውሃው ብዙ ከፈሰሰ በኋላ ነው አባቷ ሥዕሉን ያየው። ቆዳዋ ዙሪያውን ተቆጥቶ አብጧል፤ ሥዕሉ ግን ቅንጣት አልደበዘዘም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ታቱ።»

«እሱስ ታቱ ነው፤ አየሁት። የምን ሥዕል ነው? ዝንብ ነው?»

ቀለሜ እስካሁን እንባዋን ይዛው ነበር። አሁን ለቀቀችው። «ቢራቢሮ ነው!» ብላ ተንሰቀሰቀች።

አባቷ ከንፈሩን ነከሰ። ይሳቅ ይቆጣ ግራ ገብቶታል። «ማን ነው እንዲህ የሠራሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

አባቷ ቀኝ እጇን አየ፤ ቀጥሎ ግራ እጇን አየ። በግራ እጇ ማንኪያ እንኳ በወጉ እንደማትይዝ ያውቃል።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

የአባቷ ፒክአፕ የተጫነባትን መሰላል እያንቋቋች ስትሄድ ቀለሜ መስኮቱን ተደግፋ ስለ ሳቂታ ታስብ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዴስክ ተጋርተዋል። ቢራቢሮው የሳቂታ ሐሳብ ነው። «አንቺም አንድ፣ እኔም አንድ። ብንለያይ እንኳ አንለያይም» አለቻት። መምህር የቀረበት ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተቀምጠው፣ ሳቂታ ከቤት ባመጣችው መርፌና በጥቁር ቀለም መጀመሪያ የራሷን ክንድ ወጋች። የሷ አምሮ ወጣ። የቀለሜ ተራ ሲደርስ ግን ቀለሜ መርፌው በነካት ቁጥር ትዘላለች። «አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ እንጂ! እኔ ምን ላድርግሽ?» እያለች ሳቂታ ስትስቅ፣ ቢራቢሮው ዝንብ ሆኖ አረፈው።

ሲጨርሱ ሳቂታ ሳቋን አቆመች። «ማንም ቢጠይቅሽ እኔ እንደሆንኩ እንዳትናገሪ። እማዬ ከሰማች አለቀልኝ። ማዪልኝ።»

«አልናገርም።»

«እሱ መሐላ አይደለም!»

«እሺ፣ አንቺ ሙች! አልናገርም» አለች ቀለሜ። ሳቂታ ጉንጯን ሳመቻት።

የቆዳ ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቃጠሎውን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ በፋሻ ጠቀለለችው።

«በዚህ እጠቢው ብሎ ማን መከረሽ?»

«ማንም። አባዬ ከበር ላይ ቀለም ሲያነሳበት አይቼ ነው።»

«ቆዳሽ እኮ በር አይደለም፣ የኔ ቆንጆ።»

አባቷ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር። ቆርቆሮውን መቆለፍ ነበረብኝ።»

«እሱን ከዛሬ ጀምሮ ይቆልፉታል» አለች ሐኪሟ። ወደ ቀለሜ ዞረች። «ስሚኝ፤ የንቅሳት ቀለም ላይ ላዩን የተቀባ አይደለም። ከላይኛው ቆዳ ሥር ገብቶ ነው የተቀመጠው። በጨው ብታሺው፣ ብትፈቂው፣ ብታቃጥዪው የሚጎዳው ከላይ ያለው ነው። ቀለሙ እዚያው ቁጭ ብሎ ያይሻል።»

«ክሬምስ? ስልክ ላይ በሳምንት ያጠፋል የሚል አይቻለሁ።»

«በሳምንት ቆዳሽን ያጠፋልሻል፤ ሌላ የሚያጠፋው ነገር የለም።»

«ታዲያ ምንም መፍትሔ የለውም?» አለች ቀለሜ።

«አለው እንጂ። አንደኛው ሌዘር ነው። ብርሃኑ ቀለሙን ያደቀዋል፤ የደቀቀውን ደግሞ ሰውነትሽ ራሱ ቀስ እያለ ጠርጎ ያወጣዋል። ግን በአንድ ጊዜ አይሆንም። ትመጫለሽ፣ ሳምንታት ትጠብቂያለሽ፣ እንደገና ትመጫለሽ። ያማልም፤ በላስቲክ እንደመገረፍ ነው። ጥቁር ቀለም ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ፤ እሱ ከሌላው ይሻላል። ነገር ግን እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቦታው ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ስለሚችል ለዚህ ቆዳ የሚሆን ማሽንና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከነጭራሹ ላይጠፋም ይችላል። ጥላ ነገር ሊቀር ይችላል።»

«ተቆርጦ ቢወጣስ?» አለ አባቷ።

«ትንሽ ስለሆነ ቆርጦ መስፋትም ይቻላል። ያኔ ዝንቡ ይሄዳል…» ሐኪሟ አፏን ያዘች። «ይቅርታ፣ ቢራቢሮው ይሄዳል፤ ጠባሳው ይቀራል።»

ቀለሜ ሳታስበው ፈገግ አለች።

«እኛ ሰሌዳ ላይ ፊደል ሲበላሽብን በላዩ ሌላ እንጽፍበታለን» አለ አባቷ። «እሱስ አይሆንም?»

«ይሆናል፤ ግን አድጋ፣ ራሷ ከፈለገች። ይህንን ለመሸፈን ደግሞ ንስር የሚያህል ነገር ያስፈልጋል። ወይም ትተወዋለች፤ እሱም ምርጫ ነው። ለማንኛውም አሁን የምንነካው ነገር የለም። መጀመሪያ ቃጠሎው ይዳን። እስከዚያ ከእናትሽም ጋር ሦስታችሁ ተነጋገሩና ኑ።»

ቀለሜ እፎይ ብላ ልትነሳ ስትል ሐኪሟ በእጇ አስቀመጠቻት።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል። መርፌው ከአንቺ በፊት ሌላ ሰው ተወግቶበት ነበር?»

ቀለሜ የፋሻዋን ጫፍ መነካካት ጀመረች። ሐኪሟ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ ስምም አልጠየቅኩሽ። ግን በደም የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። አንዳንዶቹ ጉበት ላይ ተቀምጠው ለዓመታት ድምፅ አያሰሙም። ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም፤ ቢገኝም በጊዜ ከታወቀ የምናደርገው አለ። በግምት ግን አይተውም።»

‹አንቺ ሙች› ብላ የማለችው ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። የሳቂታ ጥርስ፣ የሳቂታ ሳቅ፣ የሳቂታ ክንድ ላይ ብቅ ያለችው ቀይ ጠብታ መጣባት።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «አንዲት ልጅ። ከኔ በፊት ራሷን ወግታበታለች። ከዚያ በፊት ማን እንደነካው አላውቅም።»

«ጎበዝ። እንግዲያው ያቺ ልጅም ትመርመር። መርፌውም ይወገድ።»

የቀለሜን ደም ቀዱ። ምርመራውን በኋላም እንደሚደግሙት ነገሯቸው፤ አንዳንዱ ነገር ወዲያው አይታይም።

አባትና ልጅ ፒክአፗ ውስጥ ገብተው ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። መብራት ላይ ሲቆሙ አባቷ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ዛሬ እጅሽን ውሃው ሥር ይዤ በጣም ፈራሁ» አለ። «እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።»

«አባዬ፣ ይቅርታ።»

«ይቅርታው ይቆየን። እሷን ሹራብ አውልቂያት፤ ላብ በላብ ሆነሻል።»

ቀለሜ ሹራቧን በአንድ እጇ ታግላ አወለቀች። ነፋሱ በመስኮት ገብቶ አንገቷን ሲነካው ደስ አላት። ከዚያ አባቷን አየችው።

«ሳቂታ ቤት ጋ አቁምልኝ።»

አባቷ ነገሩ ገባው። ፍሬቻ አሳየና ታጠፈ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «አብሬሽ ልግባ?» አላት።

«አይ፣ እኔ ልግባ።»

«እሺ። የመሰላሉን ገመድ እያጠበቅኩ እጠብቅሻለሁ።»

ገመዱ አልላላም ነበር።

የሳቂታ እናት ጸጉር ሠሪ ናት፤ የፊት ለፊቱን ክፍል የውበት ሳሎን አድርጋ ትሠራበታለች። ቀለሜ በጓሮ በር ገብታ ሳቂታን ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ፎጣ ስታጥፍ አገኘቻት። ፋሻውን ስታይ ፎጣው ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ቀለሜ ነገረቻት፤ ስለ ቆርቆሮዋም፣ ስለ ሌዘሩም። ሳቂታ ሌላውን ሁሉ የሰማችው አትመስልም።

«ልታጠፊው ነው?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ የኔን እያየሁ ደስ ሲለኝ ነው የሚውለው። አንቺ በእሳት አቃጥለሽ…»

«ያንቺ ቢራቢሮ ነው። የኔ ዝንብ ነው!»

ሳቂታ እያለቀሰች ሳቅ አመለጣት። ቀለሜም ሳቀች፤ የማትሳቂበት ቦታ ሳቂ ሲልሽ እንደዚህ ነው። «ደግሞ አንቺማ በየትኛውም ማሽን አትለቂም» አለቻት።

ከዚያ የመርፌውን፣ የደሙን ነገር አነሳች። የሳቂታ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ተናገርሽ ማለት ነው? ማልሽልኝ እኮ! ‹አንቺ ሙች› ብለሽ!»

«ስምሽን አልተናገርኩም። የመጣሁት ግን ለዚያ ነው» አለች ቀለሜ። «እንድትሞቺ አልፈልግም።»

ሳቂታ ፎጣውን ከወለሉ አነሳችና ደረቷ ላይ ጨመደደችው። «እሺ፣ እነግራታለሁ። ዛሬ ግን ሰው አለባት። በሚቀጥለው ሳምንት።»

«መርፌውንስ? ጣልሽው?»

«አጥቤ ቦታው መለስኩት።»

«የት ቦታው?»

የሳቂታ ዓይን ወደ መደርደሪያው ሄደ። እዚያ ላይ እናቷ አርቴፊሻል ጸጉር የምትሰፋባቸው መርፌዎች ያሉባት የቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጣለች።

«አንቺ ልጅ!» የእናትየዋ ድምፅ ከመጋረጃው ማዶ መጣ። «ያንን የመርፌ ሣጥን አቀብይኝ! ደንበኛዬ እየጠበቀችኝ ነው!»

ሳቂታ ንቅንቅ አላለችም። ቀለሜ በደህናው እጇ ሣጥኗን አነሳች።

«እባክሽ» አለች ሳቂታ በሹክሹክታ። «እባክሽ፣ ቀለሜ።»

«እኔ አልነግራትም። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ» አለች ቀለሜ፤ እሷም እያንሾካሾከች። «ሣጥኗን ግን እንዲሁ አልሰጣትም።»

መጋረጃው ተገለጠ። የሳቂታ እናት ማበጠሪያ እንደያዘች አንገቷን አስገባች።

«ውይ፣ ቀለሜ! መቼ መጣሽ? እጅሽን ደግሞ ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» እያለች እጇን ለሣጥኗ ዘረጋች።

ቀለሜ ሣጥኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት። ሮጣ አባቷ ጋ ብትሄድ ደስታዋ ነበር።

«እትዬ፣ ደንበኛዎን ትንሽ ጠብቂኝ ይበሏት» አለች። «ሳቂታ የምትነግርዎት ነገር አለ። እኔም አለሁበት።»

ሳቂታ ፎጣውን አስቀመጠች። ከዚያ ከቀለሜ አጠገብ መጥታ ቆመችና የግራ እጅጌዋን ቀስ እያለች መሰብሰብ ጀመረች።