በዘጠኝ ሲገደፍ

የኮልፌዋ ወይዘሮ ወለተጻድቅ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ «እኩልነት ለሁሉም!» ሲባል እጃቸውን ከሰው ሁሉ ቀድመው የሚያወጡ ነበሩ። የሒሳብ አስተማሪዋ ልጃቸው ፅጌ ሸማኔውን ገብረአምላክን ላገባ ነው ያለች ዕለት ግን ደማቸው ፈላ። በአብዮቱ ዘመን ሰውን በሙያው መናቅ ስለሚያስጠይቅ ኮከብ ቆጣሪውን ወልደሰንበትን አስጠሩ። በር ላይ ተቀብለውም የልጁን ሥራና ዘር በጆሮው ሹክ አሉት።

ወልደሰንበት የሁለቱን ስም ፊደላት በቁጥር መንዝሮ ጎን ለጎን ገጠማቸው። ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ሁለት መቶ ስልሳ አምስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ አንድ ሆነ። ዘጠኝ ዘጠኝ እየቀነሰ ሲገድፈው ምንም አልተረፈም።

«ባዶ ቤት ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ልጅም ዕድሜም የለው።»

«የቁጥሩን አኃዞች ይደምሯቸው» አለች ፅጌ በንዴት። «ሠላሳ ስድስት ይመጣል። ሠላሳ ስድስት ለዘጠኝ ስለሚካፈል ትልቁም ቁጥር ይካፈላል። አኃዞቹን ቢያገላብጧቸውም ያው ነው። ይህ የቁጥር ጠባይ እንጂ የሰው ዕድል አይደለም!»

«ዝም በይ!» ጮኹ እናቷ። «ተማርኩ ብለሽ ከፈጣሪ ጋር ልትከራከሪ ነው?»

ገብረአምላክ በላካቸው ሽማግሌዎች ላይም እናትየው «ቁጥሩ አይፈቅድም» ብለው በር ዘጉ። ልጁ ውርደቱን መቻል አቅቶት ድሬዳዋ ገባ፤ ውሎ አድሮም እዚያው ማግባቱ ተሰማ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጊዜ አላጠፉም፤ ባለ ሱቁን ይገዙን አጩላት። ወልደሰንበት ዳግመኛ ተጠራ፤ የይገዙ ሀብትም በጆሮው ተነገረው። የአሁኑ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ሁለት መቶ ስልሳ አራት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ስምንት ሆነ። በዘጠኝ ተገደፈ፤ አሁንም ምንም አልተረፈም።

«እሰይ! ምንም ያልጎደለው ሙሉ ቤት!» አለ ወልደሰንበት።

ፅጌ እናቷን ትኩር ብላ አየቻቸው። «ለሸማኔው ባዶ፣ ለነጋዴው ሙሉ። ቁጥሩ ምን አጠፋ? ለሰውየው ምን እንደሚል የነገርሽው አንቺ ነሽ።»

ፅጌ በዚያው ሳምንት ልብሷን ሸክፋ ከቤት ወጣች።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ብዙ ሲብሰለሰሉ ከርመው የገብረአምላክን እናት ወይዘሮ ሰርኬን ፍለጋ ሄዱ። ሰርኬ ከሚያዳውሩት ክር ቀና አላሉም፤ ተቀመጡም አላሏቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ ወለተጻድቅ ቆመው። «ቁጥሩ አልነበረም የከለከለው። እኔ ነበርኩ።»

«እሱንማ ያኔም አውቀነዋል» አሉ ሰርኬ። «የማያውቁ ይመስሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ወገኖቼ፣ ቁጥር ዘር አይጠይቅም፤ ሰው አይንቅም። ንቀታችንን በኮከብና በቁጥር ስም ስንሸፍን የምናፈርሰው የገዛ ልጆቻችንን ትዳር ነው።