አርባ ስምንት የጎማ እግሮች

ሰባተኛው ኮምፒውተር በድንገት ድርግም ብሎ ሲጠፋ፣ ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ «ኧረ እኔ ምንም አልነካሁም!» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ሦስተኛው ጠፋ፣ ቀጥሎ አሥራ አንደኛው። የሙከራ ፈተናው ከተጀመረ ገና አሥር ደቂቃው ነበር።

ሜትሮ አምስተኛው ፊት ተቀምጣ «አንተ እንኳን እንዳትጠፋብኝ» እያለች ስክሪኗን በሆዷ ትለማመጠው ጀመር። «ሜትሮ» ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። አባቷ አናጺ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከእሷም ቦርሳ መለኪያ ሜትሮ አይጠፋም፣ የሰሌዳውን ርዝመት ሳይቀር በቃሏ ታውቃለች። ስክሪኖቹ የተደረደሩበትን ረጅም የእንጨት መደርደሪያ የሠራው አባቷ ነው። ልኩን የወሰደችው ደግሞ እሷ። ከእያንዳንዱ ስክሪን ሥር አንድ ጠባብ ሳጥን አለ፤ በየሳጥኑ ውስጥ ከወፍራም መዝገበ ቃላት የማይበልጥ ትንሽ ኮምፒውተር በሆዱ ተኝቷል።

አምስተኛውም ጠፋ።

«ማንም ከቦታው እንዳይነሳ!» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲደነግጡ ግን ቁጣቸው ይቀድማል። ዋናው ፈተና ማክሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ሊሰጥ ነው፤ «ምንም ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» ብለው ለርዕሰ መምህሯ ቃል የገቡት እሳቸው ነበሩ። ሰባተኛውን እንደገና ከፍተው ጎንበስ ብለው አዩት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ትንሽ ነገር ቁጥር እየቀያየረ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ይሄን ማን ነው የጫነው?»

ከኋላ ሽቦ እጁን አወጣ። ሽቦ የኮምፒውተር ክበቡ ቁልፍ ያዥና የሜትሮ የልብ ጓደኛ ነው። ስሙ የወጣለት በቅጥነቱ ነው ይላሉ፤ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የሆነ ቁራጭ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው የሚሉም አሉ።

«እኔ ነኝ ቲቸር። ሙቀት የሚያሳይ ነው እኮ፣ ምንም አያደርግም። ሰሞኑን በጣም እየጋሉ ስለሆነ...»

«ባለፈው ዓመት ጌም የጫነውስ ማን ነበር?»

የጌሙን ነገር መካድ አይቻልም፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

«ቁልፉን አምጣ። ሰኞ ጠዋት ወላጅ ይዘህ ና። እስከዚያ እዚህ ክፍል እግርህ እንዳይገባ። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ደግሞ ማክሰኞ ለፈተና አትቀመጥም።»

መምህሩ ቁልፉን ከሽቦ ተቀብለው ለክበቡ ምክትል ሰጧት። ምክትሏ ሜትሮ ናት። ቁልፉ የሽቦን የእጅ ላብ ይዟል፤ ዓይኑን ማየት ከበዳት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ክፍሉን ከፍታ ብቻዋን ገባች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መስኮቱ ተንኳኳ። ከአፍንጫው በላይ ያለው የሽቦ ፊት ከውጭ ብቅ ብሏል።

«እግርህ እንዳይገባ ተብለህ የለም እንዴ?»

«እግሬ የት ገባ? እግሬ አበባው ላይ ነው የቆመው። ጥበቃው ሳያየኝ ቶሎ በይ፣ አምስተኛውን ክፈቺና ቁጥሩን ንገሪኝ።»

የፈተናውን ፕሮግራም አስነስታ ጠበቀች። ቁጥሩ ከስልሳ ተነስቶ ሽቅብ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዘጠና ሰባት ደረሰ፣ ከዚያ ድርግም።

«በቃ! ራሱን ነው የሚያጠፋው» አለ ሽቦ። «ከሚቃጠል ብሎ። አሁን ከሳጥኑ አውጪውና ጠረጴዛው ላይ አስተኚው።»

ጎትታ ስታወጣው ጣቷን ለበለባት። እስኪበርድ ጠብቃ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ እንደገና አስነሳችው። ሰማንያ ስምንት ላይ ቆመ። አልጠፋም፣ ግን ደህናም አይደለም።

«ሆዱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ አይደል? አየር የሚስበው በዚያ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተለጥፎ በምን ይሳበው? እግር የለውም እንዴ?»

ሜትሮ ሥሩን ሳታይ መለሰች። «የለውም።»

«ሲመጡ ጀምሮ?»

«እንጃ።»

ቃሏ ከአፏ ሳይወጣ ጆሮዋ ጋለ። ሽቦ ግን ልብ አላለም፤ ሐሳቡ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። «ላጲስሽን አራት ቦታ ቁረጪና ከአራቱ ማዕዘን ሥር አድርጊ» አላት። ቆረጠች፣ አደረገች። ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ ሰባ ስድስት ላይ ረጋ። «አሁን በጎኑ አቁሚው፣ እንደ መጽሐፍ።» አቆመችው። ስልሳ ዘጠኝ።

«አየሽ! ሆዱ ሲገለጥ እንደ ልቡ ይስባል። ሶፍት አለሽ?»

ከሶፍቱ ቀጭን ቁራጭ ቀድዳ ወደ ሆዱ ስታስጠጋ ቁራጩ ቀዳዳው ላይ ልጥፍ አለ። ወደ ጀርባው ስትወስደው ደግሞ እየተርገበገበ ሸሸ፤ የሚወጣው አየር ትኩስ ነው። ከዚያ አጎንብሳ የአባቷን ሳጥን ውስጡን አየች። ከኋላው በኮምፐርሳቶ ጣውላ ድፍን ተደርጓል፤ ትኩሱ አየር የሚወጣበት አንዲት ስንጥቅ የለችም።

«የተፋውን መልሶ ነው የሚውጠው» አለ ሽቦ። «እስከ ዛሬ እንደ ፈተናው ያለ ከባድ ፕሮግራም ሠርተውበት ስለማያውቁ ነው ያልታወቀው።»

«ታዲያ ትናንት መደርደሪያው ነው አትልም ነበር?»

ሽቦ መስኮቱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ። «ሙቀት ነው ስላቸውም አልሰሙኝ። ደግሞ ያባትሽ ሥራ ነው። ክፍሉ ሙሉ ሰው እያለ፣ አንቺም እዚያው ተቀምጠሽ... አቦ ተይው በቃ።»

«ሰኞስ እናትህ ሲመጡ?»

«ትመጣለቻ። ከሥራ አስፈቅዳ። ሌሊቱን ሙሉ ‹ምን አጠፋህ› ስትለኝ ነው ያደረችው» አለና የጥበቃውን ፊሽካ ሲሰማ ከመስኮቱ ሥር ተሰወረ።

ሜትሮ የተቆራረጠውን ላጲስ ሰብስባ ኪሷ ከተተች። እነዚህ ኮምፒውተሮች እግር ነበራቸው። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የሆነው ከአራት ወር በፊት ነው። ልኩን ስትወስድ የኮምፒውተሩን ቁመት ከብረቱ ብቻ ለካች፤ ከሥር ያሉትን ትናንሽ የጎማ እግሮች ከቁብ አልቆጠረቻቸውም። አባቷ በሰጠችው ልክ አሥራ ሁለቱንም ሳጥን ቆረጠ፣ አጣበቀ፣ ቫርኒሽ ቀባ። ሊገጥሙ የመጡ ቀን አባቷ ብሎን ሊያመጣ ወጣ ሲል እሷ የመጀመሪያውን ብታስገባው አልገባም። ሦስት ሚሊሜትር። ላብ አጠመቃት። ሜትሮ ተብላ ሦስት ሚሊሜትር! ገልብጣው አየችና አራቱን እግሮች በጥፍሯ ነቀለቻቸው። ልክክ ብሎ ገባ። አባቷ ሲመለስ ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አየሽ? ጥፍር አታስገባም!» አለ። ፊቱ እንዲያ በርቶ ሳለ ዝም ከማለት ሌላ ምን ታድርግ? የቀሩትንም እሱ ዞር ባለ ቁጥር ነቀለቻቸው። አርባ ስምንት የጎማ እግር ባዶ የሚስማር ጣሳ ውስጥ ከትታ ከአልጋዋ ሥር ደበቀች። ለምን እንዳልጣለቻቸው እሷም አታውቅም።

ዛሬ እግሮቹን መልሳ እንዳትለጥፍ ሳጥኑ አይበቃም። ዝም እንዳትል ሰኞ አለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጣሳውን ይዛ አባቷ ሥራ ቤት ሄደች። አባቷ ሰጋቱራ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ የበር መቃን ይላጋል። ትምህርት ቤቱ የሰጠው የምስጋና ወረቀት ከራሱ በላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ፍሬሙን የሠራው ራሱ ነው፣ ለደንበኛም እንዲያ አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም።

«አባዬ።»

«እመት።»

ጣሳውን መላጊያው አጠገብ አስቀመጠች። ከፍቶ አየ፣ አንዷን አንስቶ በጣቶቹ መሃል አሻት። «ምንድን ነው? የወንበር ጎማ ነው?»

ነገረችው። ስትጀምር ከመሃል ጀመረች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ላጲሱን፣ ሶፍቱን፣ ዘጠና ሰባቱን፣ ሽቦንና እናቱን ሁሉንም ቀላቅላ ዘረገፈችው። አባቷ ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ መላጊያውን በጎኑ አስተኛ።

«ለሦስት ሚሊ?»

«አዎ።»

«ለሦስት ሚሊ ብለሽ አራት ወር ሙሉ! ያኔውኑ ብትነግሪኝ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር እኮ። ግማሽ ቀን!» ድምፁ ከፍ ብሎ ተመልሶ ወረደ። ወደ ምስጋና ወረቀቱ ቀና ብሎ አየና ዓይኑን መለሰ። «እኔም ብሆን ቁምሳጥን ነው የሠራሁላቸው። ቁምሳጥን አቧራ እንዳያስገባ ተብሎ ነው የሚደፈነው። የሚተነፍስ ዕቃ እንደሆነ ማን ነገረኝ? ጥፍር አታስገባም እያልኩ ስንቱ ላይ ጉራዬን ነዛሁ!»

ሜትሮ እንባዋ መጣ። ከቁጣው ይልቅ ይሄኛው ከፋባት።

አባቷ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ አንድ የእንጨት ቁራጭ ላይ መሥመር ማስመር ጀመረ። «የጀርባውን ኮምፐርሳቶ እናነሳለን። ቁመታቸው እንዲበቃ መሃል ለመሃል ያለው አግዳሚም ይወጣል። በጎናቸው እናቆማቸዋለን፣ በየመሃላቸው ሁለት ሁለት ጣት ክፍተት። ሰኞ ከጠዋት ከጀመርኩ ማክሰኞ አይደርስም አልልም።» ከዚያ ቀና ሳይል «ለመምህሩ እኔ እነግራቸዋለሁ። ልኩን የሳትኩት እኔ ነኝ እላለሁ። እኔን ማን ምን ይለኛል? የአንቺን ስም ማንሳት አያስፈልግም» አለ።

ቀለል አላት። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የቀለላት። ሽቦ ይድናል፣ እሷም ሜትሮ እንደሆነች ትቀጥላለች፣ ማንም አይስቅባትም። «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። የአባቷ እርሳስ መሥመሩ ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ልክ ስቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ጣሳውን እኔ እይዘዋለሁ» አለች።

አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ጣሳውን ከድኖ ወደ እሷ ገፋላት።

ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሳይደወል የመምህራን ቢሮ ደጃፍ ደረሱ። አባቷ በአንድ እጁ ድሪሉን፣ በሌላው መጋዙን ይዟል። ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ የሽቦ እናት የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል፤ ሽቦ አጠገባቸው አንገቱን ደፍቷል። ሜትሮን ሲያይ ደነገጠ፣ መጋዙን ሲያይ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባው።

እናቱ ቦርሳቸውን አንስተው ቦታ ለቀቁላቸው። «ኑ ተቀመጡ። እናንተንም አስጠርተዋችሁ ነው?»

«አይ፣ ማንም አልጠራንም» አለች ሜትሮ።

አልተቀመጠችም። ጣሳውን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችና በሩን በክርኗ አንኳኳች።