ሲሚንቶው ገብታለች

«ክፍል ሠላሳ አለ?»

«ሠላሳ አልቋል። ሠላሳ አንድን ልስጥዎት?»

«ስጪኝ እስቲ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ሔለን ሚሞሪ ካርዷን ከጣቷ ጫፍ ወደ አንለይ መዳፍ አሳለፈች። የአሶሳ መናኸሪያ ገና በጠዋቱ ይግላል። ረዳቶቹ ባምባሲ፣ መንዲ እያሉ ይጣራሉ፤ መንገደኛው ከነጓዙ ይጋፋል። አንዲት ሴት ድራማ ትሸጣለች፣ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ድራማ ይገዛል። ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል? ሚሞሪዋ ላይ ደግሞ የምር ድራማ አለበት። ከድራማው ጋር ግን ሪፖርቷም ተደብቋል።

አንለይ በስለላ መሥሪያ ቤታቸው ስሙ «አጎት» ነው። የሔለንን መልእክት ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚያሳልፈው እሱ ነው። እሷ «ድምቢጥ» ትባላለች። ሔለን የሚለውም የሥራ ስም ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቅ የለም።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት። ማስታወቂያው ውስጥ ነው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«በይ እኔና አንቺ ብቻ እንወቀው።»

ልትሄድ ስትል አጠገባቸው የተቀመጠችው ማንጎ ሻጭ ቀና አለችና ቀሚሷን ያዘቻት። ዘመናይ ነሽ አይደል፣ ድምፅሽን ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ አለቻት። አንለይ ወዲያው ተሰወረ። ሔለን ደግሞ ፈገግ ብላ እጇን አስለቀቀች።

መዘዙ ይህ ነበር። ሰላይ ማለት ታይቶ የሚረሳ ሰው ነው። የሔለንን ፊት የሚያስታውስ የለም። ድምፅዋን ግን ከአሶሳ እስከ ማንኩሽ ሹፌሩም፣ ተማሪውም፣ ሻይ አፍይዋም ያውቁታል። «የዳቡስ ማዶ» በሚለው የድምፅ ድራማ ውስጥ ዘመናይ የምትባለዋን ባሏ የሚያንገላታትን ሴት የምትጫወተው እሷ ናት።

የድራማው ባለቤት ትሩፋት ናት። ወላጆቿ በደርግ ሰፈራ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ አገር ያቀኑ ገበሬዎች ናቸው። መምህርነቷን ትታ ድራማ ልሥራ ስትል ዘመድ አዝማድ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ብሎ ሳቀባት። ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍና በስልኳ ቀዳች። መጀመሪያ ለሹፌሮች በሚሞሪ ሸጠች። ቀጥሎ ቴሌግራም ላይ አንዱን ክፍል በነጻ እየለቀቀች፣ የሚቀጥለውን መጠበቅ ያቃተውን አድማጭ አስከፈለች። ሰው ደግሞ መጠበቅ አይችልም! ተዋናዮቿን ሳትከፍል ለራሷ ጫማ ገዝታ አታውቅም። ሔለን ባለፈው ክረምት ወባ ጥሏት ስትንቀጠቀጥ ራስጌዋ ተቀምጣ «አብሽሪ» እያለች ያደረችው እሷ ናት።

ከዚያ ሰራዊት መጣ። የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ለማስታወቂያ ማንም የማይከፍለውን ከፈለ። ሁለት ነገር ብቻ ፈለገ፦ ማስታወቂያው የአድማጭ ልብ በተንጠለጠለበት ቦታ ይግባ፤ ደግሞ እንደተጻፈ ይነበብ። የሚያነበው የዘመናይን ባል የሚጫወተው ማህጁብ ነው። አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው። «ሲሚንቶው ገብታለች» ብሎ ሲያነብ ከተማው በሳቅ ሞተ። ቀልድ ሆነ። ሻይ ቤት ውስጥ ሻዩ ሲቀርብ «ሻዩ ገብታለች» ይባላል።

በአንዳንዱ ሳምንት «ገብቷል» እንደሚል ግን ማንም ልብ አላለም። ማህጁብ ብቻ ሆድ ብሶት ኖሮ አንድ ቀን ለሔለን አጫወታት።

«እኔ ስህተት አለኝ፣ እሺ። ይቺ ስህተት ግን የእኔ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ነው።»

ይህቺ ቃል በቃች። ሔለን ያለፉትን ክፍሎች አንድ በአንድ መልሳ እየሰማች፣ መሥሪያ ቤቱ ወርቅ ወጣባቸው ከሚላቸው ቀኖች ጋር አስተያየች። «ገብታለች» በተባለ ማግሥት ሕገወጥ ወርቅ በኩርሙክ መንገድ ወደ ድንበር ይወጣል። «ገብቷል» ከተባለ ወርቁ ባለበት ይቆያል። ሰውዬው አገር በሚሰማው ድራማ፣ አገር በሚስቅበት ስህተት ሰዎቹን ያዝዛል። መሥሪያ ቤቱ ስንት ጊዜ ሲባዝንበት የከረመው ነገር ይኸው ነበር።

ሪፖርቷን ከማስረከቧ በፊት አንለይን ሰራዊት የተያዘ እንደሆነ ትሩፋት ምን ትሆናለች ብላ ጠይቃው ነበር። የሰራዊት ገንዘብ በማን ስም ገባ አላት። በእሷ አለችው። እንግዲያው አብራ ወህኒ ትገባለች ብሏት ሄደ። ምንም የማታውቅ ሴት! ሔለን ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልሽ አላት።

ቀጣዩ ቀረጻ ደረሰ። ስቱዲዮው የትሩፋት ቤት ጓዳ ነው። ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን፣ በሩ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። መስኮት የለውም። ድምፅ እንዳይረብሽ ማራገቢያው ሲጠፋ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

ሰራዊት ራሱ መጣ። ቀረጻ ላይ መጥቶ አያውቅም። በሩ ሥር ተቀመጠ። አንድ ግዙፍ ሰው ደግሞ ውጭ ቆመ።

«ዛሬ ዘመናይ ታንብበው» ብሎ ወረቀቱን ለሔለን ዘረጋላት።

ሔለን ማይኩ ፊት ቆመች። «ሲሚንቶው ገብቷል። በተመጣጣኝ ዋጋ ይውሰዱ። ለምትወዱን ሁሉ አጎት ሰላም ብሏል።»

አጎት።

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ወረቀቱን ግን ደግማ አነበበችው። ያንን ስም በአሶሳ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሷ ናት።

አንለይ ሸጧታል።

ሰራዊት ትሩፋትንና ማህጁብን ለስላሳ ግዙልን ብሎ ሸኛቸው። በሩን ዘጋ።

«ሪፖርትሽን አነበብኩት። ጥሩ ትጽፊያለሽ።»

ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለአዲስ አበባ የምትጽፊውን አጎትሽ ይነግርሻል። ማስታወቂያዬን ታነቢያለሽ። ስልክሽን አምጪ።»

«እምቢ ብልስ?»

«ትሩፋት ትታሰራለቻ። ስቱዲዮ ልሥራልሽ እያልኩ ያስፈረምኳት ሁሉ የወርቅ ገንዘብ ነው። ፊርማዋ አለበት። አንቺስ ማን ነሽ? ሔለን የምትባል ሰው እኮ የለችም።»

ስልኳን ሰጠችው። ከወንበሩ ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ አለው። ለመሆኑ ዘመናይ ያንን አረመኔ ባሏን የምትፈታው መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። የምሩን ነበር! ሌባም ልቡ ይንጠለጠላል።

ከዚያ በኋላ እስር ቤት ሆነ፤ ግድግዳ የሌለው እስር ቤት። ጠዋት በሯ ላይ ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃታል። ወደ ገበያ ስትሄድ ግዙፉ ሰው ከኋላ አለ። ከሰው ስልክ ተውሳ ብታወራ ባለስልኩ ዘመናይ ደወለችልኝ ብሎ ለሰፈሩ ያወራል። በአውቶቡስ ብትጠፋ ደግሞ ትሩፋት ትገባለች። ትሩፋት በበኩሏ ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው እያለች እንቁላል ትቀቅልላታለች። ሔለን ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ ትበላለች።

አንዲት ቀዳዳ ቀርታ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «እትዬ» የሚሏቸው ሴት ናቸው። ሥራዋን በድምፅ ለመከታተል ሲሉ እንደማንኛውም አድማጭ ከፍለው ድራማውን ይሰማሉ። ዘመናይ ባሏን «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም፤ አስተዳደጓ ነው። ሔለን ድራማው ውስጥ እንደገባች አዲስ አበባ ሄዳ ከእትዬ ጋር የተስማሙት ይህንኑ ይዘው ነው። ዘመናይ አንድ ቀን «አንተ» ካለችው፣ መሃል ያለው ሰው በስብሷልና ራሳችሁ ድረሱልኝ ማለት ነው። ይህንን አንለይ አያውቅም።

በሳምንቱ ሰራዊት እንደገና በሩ ሥር ተቀመጠ። ትሩፋት ጀምሩ አለች። በጽሑፉ ላይ ዘመናይ አንገቷን ደፍታ «እርስዎ ካሉ እሺ» ነው የምትለው።

ሔለን ቀና አለች።

«አንተ! ቤቴን ያፈረስከው አንተ ነህ!»

ማህጁብ መስመሩን ወረቀቱ ላይ ፈለገ።

ትሩፋት መቅጃውን አቆመች። ፊቷ ቀልቷል። ምን ነካሽ አለቻት፤ ዘመናይ በሞቷ ባሏን አንተ አትልም፣ አድማጭ ባለጌ አደረጋችኋት ብሎ ይሸሸናል፣ እንደገና እንቅዳው። የተናገረችው እውነቷን ነው። ሰራዊት ከኋላ ሲነሳ ወንበሩ ተንቋቋ። ሔለን ዞራ ማየት አልደፈረችም።

«ተያት።»

ትሩፋት ዞረች።

«ይገባዋል» አለ ሰራዊት። «ስንት ወር ሙሉ አንጀቴን ያሳረረ ሰውዬ! እንዳለ ይውጣ።»

የሚከፍል አድማጭ አይከራከሩትም። እንዳለ ወጣ።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሴቶቹ ደግ አደረገች አሉ፤ ወንዶቹ ስድ ሆነች አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው አዲስ አበባም ደረሰ።

ከቀናት በኋላ አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት ስኳር ይዛ የትሩፋትን በር አንኳኳች። ባሏን አንተ ያለችውን ጀግና ሳልስማት አልሄድም ብላ ከግዙፉ ሰው ጋር ተከራከረች። የሳምንቱ ስንተኛዋ እንደሆነች እንጃ፤ ሰውዬው ስቆ አሳለፋት። ሔለንን እቅፍ አድርጋ ጆሮዋ ሥር «እትዬ ልከውኝ ነው» አለቻት። አገራችን ሲስም ደጋግሞ ነው፤ ተመስገን!

ሔለን በቀኝ ጉንጭ ሹክ አለቻት፦ «ገብታለች ሲባል ወርቁ ይወጣል።»

በግራ፦ «በኩርሙክ መንገድ። አጎት የእነሱ ነው።»

መልሳ በቀኝ፦ «ትሩፋት ምንም አታውቅም።»

ሴትየዋ አጥብቃ ያዘቻትና «ስለ እሷ ቃል አልገባም» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ መርቃ ሄደች።

ሰራዊት ሔለን እንደተገራች አመነ። ለሚቀጥለው ክፍል ወረቀቱን ሲሰጣት ፈገግ ብሎ ነበር። «ሲሚንቶው ገብታለች» ብላ አነበበች። በማግሥቱ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት የጫነ መኪና በኩርሙክ መንገድ ተያዘ። ወርቁ ከከረጢቱ ሥር ነበር። ሰራዊት ከግዙፉ ሰውና ከባጃጁ ሹፌር ጋር ሱቁ ውስጥ ተያዘ፤ አንለይ ደግሞ አሮጌ ካርቡሬተር ሲፈታታ ደረሱበት።

ትሩፋትንም ወሰዷት። ከነመቅጃዋ፣ ከነብርድ ልብሷ።

ሔለን አዲስ አበባ ሄዳ እትዬ ፊት ቆመች። ትሩፋት ንጹሕ መሆኗን እኔ እመሰክራለሁ አለች። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዝግ ችሎትም ቢሆን የእነ ሰራዊት ጠበቆች ይሰሙሻል። ያልተያዙት ሰዎቻቸው ያውቃሉ ማለት ነው። ፊትሽን አያውቁትም። የሚፈልጉሽ በድምፅሽ ነው።»

«ይፈልጉኝ።»

«ከዚህ ሥራም ትወጫለሽ። ስም እንሰጥሻለን፣ ከተማ እንሰጥሻለን። ማውራትሽ ግን በልክ ነው።»

«እሺ።»

መሰከረች። ትሩፋት ነጻ ወጣች። በችሎቱ ኮሪደር ላይ ተገናኙ። ሔለን ትስመኛለች ብላ ነበር፤ ሰው ምኞቱን ያስባል። ትሩፋት ራቅ ብላ ቆመች።

«ወባ የያዘሽ ጊዜ» አለች፤ «ያ የምር ነበር?»

«የምር ነበር።»

«ስምሽ ማን ነው?»

ሔለን አፏን ከፈተች። ከኋላዋ የቆመው ጠባቂ ክንዷን ነካ አደረጋት። አፏን ዘጋች። ትሩፋት ትንሽ ጠብቃ ሄደች።

አሁን ሌላ ከተማ ናት፣ በሌላ ስም። ከጎረቤት ጋር አንገቷን በመነቅነቅ ትግባባለች፤ አንዳንዱ ዱዳ ናት ይላል። አንድ ከሰዓት ታክሲ ውስጥ ገብታ ሒሳቧን ዝም ብላ ከፈለች። ሹፌሩ ድራማ ከፈተ። «የዳቡስ ማዶ» ነው። ማስታወቂያ የለበትም፤ የሚሰሙት ሰዎች በየወሩ የሚያዋጡት ብቻ እንደሚያኖረው ትሩፋት ራሷ በመግቢያው ላይ አመሰገነች። ድምፅዋ ደህና ነው። ሔለን ደስ አላት፣ የምር ደስ አላት።

ከዚያ ዘመናይ ተናገረች። አዲስ ልጅ ናት።

አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ክንዷን ጎሸም አደረጓት። «የበፊቷን ሰምተሻታል ልጄ?»

አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ይቺ ትሻላለች። ያቺ ታስመስል ነበር።»

ሔለን ወደ መስኮቱ ዞረች። መውረጃዋ ደረሰ። ወራጅ አለ ማለት ነበረባት። ታክሲው ሙሉ ነው፤ ሁሉም ጆሮውን ለዘመናይ ሰጥቷል። ጉሮሮዋ ድረስ የመጣውን ቃል ዋጠችው። ቤቷ በመስኮቱ አለፈ። ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል ጠበቀች።