ታኮ የጠራችው ስም

ንጆቦ ከከብት ማጠጫው ገንዳ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። የጉድጓዱ ኃላፊ እሱ ነበር። ጭንቅላቱን በእረኛ ዱላ የመታውን ሰው፣ ከአጥሩ ወዲያ የነበሩት አላዩም። የሰሙት ገንዳው አጠገብ የነበረችውን የታኮን ጩኸት ብቻ ነው፦ «ሰይዱ፣ ተው!»

በመንደሩ ሁለት ሰይዱ አለ፤ ሁለቱም የአያታቸውን ስም የወረሱ። አንዱ የታኮ የበኩር ልጅ ነው፤ ሌላው ወላጆቹ ሞተውበት ታኮ ያሳደገችው የባሏ ወንድም ልጅ። ሳጅን ፔንዳ ስትደርስ ይኸኛው፣ ታኮ ያሳደገችው፣ ታስሯል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ ሊወሰድ ነው።

«ምርመራው አልቋል፣ ልጄ» አሏት ሽማግሌው ባይላ። «የፉላኒ ሴት የበኩሯን ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። እንግዲህ የጠራችው ሌላውን ነው።»

«ነፍሰ ገዳይ የሚለየው በነውር ነው እንዴ፣ አባባ?»

«አንቺም እኮ የእኛው ልጅ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ።»

ፔንዳ ደብተሯን ገለጠች። ወደ ታኮ ዞረች።

«ማንን ነው የጠሩት፣ እማማ?»

«እኔ እንጃ።»

«ባለቤትዎ የት ነበሩ?»

«የልጆቼ አባት ገበያ ነበሩ።»

«የበኩር ልጅዎስ?»

«እሱ ከብት ይዞ ነበር።»

«ይሄ የታሰረውስ?»

«ረጅሙ? ረጅሙማ ምስኪን ነው» ብላ አቀረቀረች።

የእኛ ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ነው፤ ስም ከአፉ አይወጣም አለች ፔንዳ በልቧ። ፔንዳ ደብተሯን ዘግታ ልትሄድ ስትል ቆም አለች። ወደ ታሳሪው ተመለሰች።

«ረጅሙ የምትልህ ለምንድን ነው?»

«ስሜ ከልጇ ጋር አንድ ስለሆነ ነዋ። አንድም ቀን ስሙን ጠርታ አታውቅም።»

«ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ፔንዳ ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበች።

«አባባ ባይላ ልክ ናቸው፤ የበኩሯን ስም አትጠራም። ግን ስሙን ከሸሸች፣ ስሙን የያዘውንም ሁሉ በስሙ አትጠራም። ይህን ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ‹ረጅሙ› ብላዋለች። ሰው ሲደነግጥ ከአፉ የሚያመልጠው የለመደው ነው፤ ለእሱ ቢሆን ‹ረጅሙ፣ ተው› ትል ነበር። ሰይዱ የሚለው ስም ግን ሆዷ ውስጥ የኖረ ነው። ከዚያ የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሆዷ በዚያ ስም የምታስበው። እማማ፣ ማንን ነበር?»

ታኮ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የበኩር ልጇ ከሰዉ መሃል ተነሣ።

«ሁለተኛ አታስጠሯት» አለ። «ንጆቦ ከብቶቼን ከነጥማቸው መለሰብኝ፤ እጄ ቀደመኝ። ስሜን ከእናቴ አፍ የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰምቼም አልተውኩም።»